ንክኪና ሕመም ከጣት ጫፍ እስከ አንጎል

በባሕር ዳር ከጣና ዳር ማለዳ ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች ከዓይናቸው ይልቅ በጣታቸው ይሠራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀረሶውን በግራ እጃቸው ጨምድደው ይዘው ቢላዋውን ከጭራው ወደ ራሱ እየገፉ ቅርፊቱን ሲያራግፉ፣ አፋቸው ከደንበኛ ጋር ዋጋ ይከራከራል፣ ዓይናቸው ቀጣዩን ገዢ ይፈልጋል፤ እጃቸው ግን ዓሣው የት ላይ እንደሚያሟልጭ፣ ቢላዋው መቼ አጥንት እንደነካ፣ ምን ያህል ቢጫኑ ሥጋው እንደሚቀደድ ያውቃል። በዚህ መሐል የዓሣው የጀርባ እሾህ አውራ ጣታቸውን ይወጋል። ከአንድ ቅጽበት በፊት ስለ ዓሣው ሲነግራቸው የነበረው ጣት አሁን ስለ ራሱ ይናገራል።

ንክኪና ሕመም ከአንድ ቆዳ ቢነሡም በተለያዩ ነርቮች ተጉዘው፣ በተለያየ መንገድ ወጥተው፣ አንጎል ውስጥም የተለያየ አቀባበል ይደረግላቸዋል። በተለይ ሕመም ቁስሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ወደ አንጎል የሚላክ ነገር አይደለም። ከቆዳው የሚላከው የአደጋ ምልክት ብቻ ሲሆን፣ ምልክቱ ሕመም ይሁን አይሁን፣ ቢሆንስ ምን ያህል ይሁን የሚለውን የሚወስኑት ህብለ ሰረሰርና አንጎል ናቸው። ይህን መረዳት ለዕውቀት ብቻ ሳይሆን ለሕክምናም እንደሚጠቅም ወደ መጨረሻው እናያለን።

በመጀመሪያ ንክኪን እንመልከት። በመዳፋችንና በጣቶቻችን ቆዳ ውስጥ ለንክኪ ብቻ የተሰማሩ አራት ዓይነት ተቀባዮች አሉ፤ ስማቸውን ያገኙትም ካጠኗቸው የአውሮፓ ሊቃውንት ነው። የመርከል ተቀባዮች የያዝነውን ነገር ጠርዝና ሸካራነት ይለያሉ። የማይስነር ተቀባዮች ነገሩ ከእጃችን ሊያመልጥ መንሸራተት ሲጀምር ያሳውቃሉ፤ ቀረሶው ሳይወድቅ ጣቶች ጠበቅ የሚሉት በእነርሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠለቅ ብለው የሚገኙት የሩፊኒ ተቀባዮች የቆዳን መለጠጥ ሲከታተሉ፣ የፓቺኒ ተቀባዮች ደግሞ ንዝረትን፣ በተለይም በሰከንድ ከ200 እስከ 300 ጊዜ የሚደርሰውን ፈጣን ንዝረት ይይዛሉ። በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው የጀልባውን ጠርዝ ሲይዝ በእጁ ላይ የሚሰማው የሞተር ንዝረት በአብዛኛው የሚታወቀው በእነዚህ አማካይነት ነው።

ግፊት ወደ ነርቭ መልእክት የሚለወጠው እንዴት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው፣ ትውልዱ ከሊባኖስ የሆነው አርዴም ፓታፑቲያን ከባልደረቦቹ ጋር ፒዬዞ የተባሉትን ሁለት ፕሮቲኖች አገኘ። እነዚህ ፕሮቲኖች በሕዋስ ሽፋን ላይ የተሰኩ ናቸው፤ ሽፋኑ ሲጫን ወይም ሲለጠጥ መሐላቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ይከፈትና የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙ ቅንጣቶች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በዚህም ነርቩ ይቀሰቀሳል። ከሁለቱ አንዱ፣ ማለትም ፒዬዞ 2፣ ለረቂቅ ንክኪ ዋነኛው ነው። ዓይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀውም በእርሱ እርዳታ ነው።

የሕመም ምልክት አጀማመር ከዚህ ይለያል። የአደጋ ምልክት የሚያነሡት ነርቮች ጫፋቸው ምንም ልዩ ሽፋን የሌለው፣ በቆዳው ውስጥ እንደ ልብ የተበተነ ነው። ለለስላሳ ንክኪ አይነሡም፤ የሚነሡት ግፊቱ፣ ሙቀቱ ወይም ኬሚካሉ አካልን ሊጎዳ ወደሚችልበት ደረጃ ሲቃረብ ነው። ከእነርሱም ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኞቹ ቀጭን የቅባት ሽፋን ስላላቸው መልእክታቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ሁለተኞቹ ያለ ሽፋን ስለሆኑ በሰከንድ ከ2 ሜትር አይበልጡም። የንክኪ ነርቮች ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማሉ፤ በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ እሾሁ አውራ ጣትን ሲወጋ መጀመሪያ መነካቱ ይታወቃል፤ ወዲያው ስለታም፣ ቦታው በትክክል የሚታወቅ ውጋት ይከተላል፤ ከአንድ ሰከንድ ያህል በኋላ ደግሞ የሚጠዘጥዝ፣ ድንበሩ የማይለይ፣ ቶሎ የማይለቅ ሕመም ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የእግር ጣቱን ከጠረጴዛ እግር ጋር ያጋጨ ሰው በሁለቱ መካከል ያለችውን ፋታ ሊታዘባት ይችላል፤ በእግር ላይ መንገዱ ስለሚረዝም ፋታዋም ትረዝማለች።

ሙቀትን በተመለከተ ሚጥሚጣ ጥሩ አስተማሪ ነው። ካፕሳይሲን የተባለው የበርበሬና የሚጥሚጣ ቅመም አፋችንን በእውነት አያቃጥለውም፤ የአፋችን ሙቀት በአንድ ዲግሪ እንኳ ባይጨምር አንጎላችን ግን ቃጠሎ እንዳለ ይነገረዋል። ምክንያቱን አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በ1997 አገኙት። በአደጋ ነርቮች ጫፍ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ይህ ፕሮቲን የሚከፈተው ሙቀት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ካፕሳይሲንም ያንኑ ፕሮቲን ይከፍተዋል። ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ አንድ ስለሆነ አንጎል እሳትን ከሚጥሚጣ የሚለይበት መንገድ በዚያ በኩል የለውም። ውኃ መጠጣት ብዙም የማይረዳው ካፕሳይሲን በውኃ ስለማይሟሟ ነው፤ ወተት ወይም እርጎ ግን ያስታግሳል። ወፎች ያላቸው ፕሮቲን በካፕሳይሲን ስለማይነሣ ቃሪያን ያለ ችግር ይለቅማሉ። ጁሊየስና ፓታፑቲያን ለእነዚህ ግኝቶች በ2021 የሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ይኸው ፕሮቲን ሌላም ነገር ያስረዳናል። በእሾህ የተወጋው ጣት በማግሥቱ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ለብ ባለ ውኃ ሲታጠቡትም እንደ ፈላ ውኃ ይለበልባል። የተጎዳው ሥጋ ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ጨምሮ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ያመነጫል፤ እነዚህም የነርቮቹን ጫፍ ስለሚያስቆጡ ፕሮቲኑ 43 ዲግሪን ሳይጠብቅ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ጉዳቱ አልባሰም፤ የባሰው የነርቮቹ ንቃት ነው። የዚህም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ቁስሉ እስኪድን ያንን ጣት ይጠብቀዋል።

ምልክቱ ከእጅ ተነሥቶ የሚደርስበት የመጀመሪያው ጣቢያ ህብለ ሰረሰር ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን ስታነሣ ክንዷ የጋለውን ምጣድ ቢነካት እጇን የምትሰበስበው ሕመሙ ሳይሰማት ነው፤ እጅን የመሰብሰብ ትእዛዝ እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ተሰጥቶ ስለሚያልቅ አንጎል የሚሰማው ከተፈጸመ በኋላ ነው። «ኧረ!» የሚለው ድምፅ ሁልጊዜ ከእጁ ዘግይቶ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ምልክቶች መንገድ ይለያያል። የንክኪው መልእክት በገባበት ጎን በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና የአንጎል ግንድ ላይ ሲደርስ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል። የሕመምና የሙቀት መልእክት ግን እዚያው በገባበት ደረጃ ህብለ ሰረሰርን አቋርጦ በሌላኛው ጎን ይወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራውን ሴካር የተባለው ሐኪም የገለጸው እንግዳ ሁኔታ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በጩቤ ወይም በጥይት የህብለ ሰረሰሩ ግማሽ ጎን ብቻ የተቆረጠበት ሰው፣ ከቁስሉ በታች በተቆረጠበት ጎን ረቂቅ ንክኪን ያጣል፤ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ንክኪው እያለ ሕመምንና ሙቀትን ያጣል። ሁለቱ ስሜቶች የየራሳቸው መንገድ እንዳላቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አስቸጋሪ ነው።

ሁለቱም መንገዶች በአንጎል መሐል በሚገኘው ታላመስ በኩል ያልፋሉ። የንክኪው መልእክት ከዚያ የሚሄደው ከጆሮ ወደ ጆሮ እንደሚዘረጋ ቀበቶ በአንጎል ቅርፊት ላይ ወደተቀመጠው ክፍል ነው። በካናዳ ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዋይልደር ፔንፊልድ ይህን ክፍል ያጠናው ነቅተው በሚነጋገሩ ሕሙማን ላይ ነበር። አንጎል ራሱ የሕመም ተቀባይ ስለሌለው የራስ ቆዳቸውን ብቻ አደንዝዞ አንጎላቸውን በደካማ ኤሌክትሪክ ይነካና ምን እንደተሰማቸው ይጠይቃቸው ነበር። በ1937 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት የሰውነት ክፍሎች በቀበቶው ላይ እንደ ካርታ በቅደም ተከተል መቀመጣቸውን አሳየ፤ እግር ከላይ፣ እጅ ከመካከል፣ ፊት ከታች። የቦታው ስፋት ግን ከአካሉ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። ከንፈርና ጣቶች ሰፊ ቦታ ሲይዙ፣ ጀርባ ከነስፋቱ ጠባብ ቦታ ነው የደረሰው።

ይህን ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የሁለት እርሳሶችን ጫፍ አቀራርቦ የሌላ ሰው ጣት ጫፍ ላይ በቀስታ ማሳረፍ ነው፤ በመካከላቸው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢኖር እንኳ ዓይኑን የጨፈነው ሰው ሁለት መሆናቸውን ይለያል። ጀርባ ላይ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልተራራቁ አንድ ይመስሉታል። ካርታው ደግሞ እንደ አጠቃቀማችን ይለወጣል፤ ብሬይል በሚያነቡ ዓይነ ስውራን አንጎል ውስጥ የንባብ ጣታቸው ቦታ ሰፍቶ ተገኝቷል። ከደንገል ታንኳ የሚያስሩ የጣና ሰዎች ጣትም እንዲህ የሠለጠነ ቢሆን አያስገርምም፤ ማንም ለክቶት እንደሆነ ግን አላየሁም።

ለሕመም እንዲህ ያለ አንድ ራሱን የቻለ ማእከል የለውም። የአደጋው ምልክት በታላመስ በኩል በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቦታ ይበተናል። ከፊሉ ወደዚያው ካርታ ሄዶ «የት ነው? ምን ያህል ነው?» የሚለውን ይመልሳል። ሌላው በአንጎል እጥፋቶች ውስጥ ወደተሸሸጉት፣ ኢንሱላና ሲንጉሌት ወደሚባሉት ክፍሎች ይሄዳል፤ ሕመሙን ክፉ፣ የሚያስጨንቅና ልንገላገለው የምንፈልገው ነገር የሚያደርጉት በተለይ እነዚህ ናቸው። ኢንሱላቸው የተጎዳ አንዳንድ ሕሙማን መርፌ ሲወጋቸው መወጋታቸውን ያውቃሉ፣ ቦታውንም ያሳያሉ፤ ነገር ግን ምንም ሳያስጨንቃቸው አልፎ አልፎም ፈገግ እያሉ ይቀመጣሉ። እኛ አንድ ብለን የምንቆጥረው ስሜት ቢያንስ ከሁለት የተሠራ መሆኑን እነርሱ ያሳዩናል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ልጅ ሮጦ ሲወድቅ እናት ጉልበቱን የምታሸው በከንቱ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም ምልክት የሚያልፍበት በር አለ፤ ወፍራሞቹ የንክኪ ነርቮች በማሸት ሲነሡ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። የሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ምልክት በመንገዱ ላይ ሊታገድ ይችላል የሚለው መሠረቱ ግን ጸንቷል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በቅቤ የታሸ ሰው ቀለለኝ ሲል እውነቱን ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር አላልፍም፦ ሕመሙ መቅለሉ የተሰበረው አጥንት በቦታው መግባቱን አያረጋግጥም፤ ያንን የሚያሳየው ራጅ ነው።

በሩ ከላይም ይታዘዛል። ከአንጎል ግንድ የሚነሡ ነርቮች ወደ ህብለ ሰረሰር ወርደው የሚመጣውን ምልክት ሊያዳክሙት ወይም ሊያጎሉት ይችላሉ። የሚያዳክሙትም ሰውነት ራሱ በሚያመነጫቸው ሞርፊን መሰል ኬሚካሎች ጭምር ሲሆን፣ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ ተለይተው ታወቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ያገለገለው አሜሪካዊ ሐኪም ሄንሪ ቢቸር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንፈልግም አሉት። ቢቸር እንዳሰበው ለወታደሩ ቁስሉ ከሞት ተርፎ ወደ አገሩ የመመለሻ ምክንያት ነበር፤ ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት ሲቪል ሰው ግን ቁስሉን እንደ መዓት ይቆጥረዋል። በ1978 ደግሞ ጥርስ በተነቀሉ ሕሙማን ላይ በተደረገ ጥናት፣ መድኃኒትነት የሌለው መርፌ ተወግተው ሕመማቸው የቀነሰላቸው ሰዎች የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፍ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ሕመሙ ተመለሰባቸው። «በሐሳብ ነው የተሻለው» የምንለው ነገር በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት የሚታገድ ከሆነ፣ ሐሳቡ ራሱ በኬሚካል ይሠራል ማለት ነው።

የአደጋው ምልክት ፈጽሞ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያሉትን የአካል ክፍሎች መርጦ በዚያ ያሉትን ነርቮች ስለሚያጠቃ፣ የሕመምተኛው እጅና እግር ይደነዝዛል። ጣቶች የሚጎዱት ባክቴሪያው በቀጥታ ስለሚበላቸው ሳይሆን፣ ሕመም የማይሰማው ሰው የጋለ ድስት በባዶ እጁ ስለሚያነሣ፣ በሚስማር ላይ ስለሚራመድ፣ ቁስሉንም ሳያይ ስለሚውል ነው። በሽታው በጊዜ ከታከመ ፈጽሞ የሚድን ሲሆን፣ በ1970 አዲስ አበባ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም መጀመሪያ የተቋቋመው በዚሁ በሽታ ላይ ለመመራመር ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን ተመሳሳይ ጉዳት በብዛት የሚያደርሰው የስኳር በሽታ ነው፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ረጃጅሞቹን ነርቮች ስለሆነ መደንዘዙ ከእግር ጣቶች ይጀምራል። የስኳር ሕመምተኛ እግሩን በየማታው በዓይኑ እንዲያይ፣ በባዶ እግሩ እንዳይሄድ፣ የመታጠቢያውንም ውኃ በእግሩ ሳይሆን በክርኑ እንዲለካ የሚመከረው ለዚህ ነው። በ2006 ስለ ሰሜን ፓኪስታን ቤተሰቦች የወጣ ጥናት ከልደታቸው ጀምሮ ሕመም የማያውቁ ልጆችን ይገልጻል፤ ምክንያቱም በአደጋ ነርቮች ላይ ያለ፣ ምልክት እንዲተላለፍ የሶዲየም ቅንጣቶችን የሚያስገባ አንድ ቀዳዳ አለመሥራቱ ነው። ለጥናቱ መነሻ የሆነው ልጅ በፍም ላይ እየተራመደ በጎዳና ላይ ትርዒት ያሳይ ነበር፤ ገና 14 ዓመት ሳይሞላው ከጣሪያ ዘሎ ሞተ።

ተቃራኒውም አለ፤ ጉዳቱ አልፎ ሕመሙ የሚቀር። በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ እጁን ያጣ ሰው የሌለው እጁ ሊያቃጥለው፣ የሌሉት ጣቶቹ ሊጨመደዱበት ይችላሉ። እጁ ቢሄድም በአንጎሉ ካርታ ላይ ያለው ቦታ አልሄደም፤ እንዲያውም የፊት ቦታ ከእጅ ቦታ ጎረቤት ስለሆነ፣ አንዳንዶቹ ጉንጫቸው ሲነካ የጠፋው እጃቸው የተነካ ይመስላቸዋል። ወገቡን ለዓመታት ያመመው፣ በራጅም ሆነ በኤምአርአይ ይህ ነው የሚባል ነገር ያልተገኘበት ሰውም እንዲሁ ነው። የሕመም ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ የህብለ ሰረሰር ሕዋሳት ንቃታቸው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ተራ ንክኪ እንኳ እንደ ሕመም ይነበባል። እንዲህ ላለው ሰው «ምንም የለብህም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

ለሐኪም ሕመምን ስንገልጽ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል ወይም ይቆረጥማል ብለን መለየታችን የሚጠቅመው መድኃኒቶቹም በመንገዱ ላይ የየራሳቸው ቦታ ስላላቸው ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በቁስሉ ቦታ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያደርጋሉ፤ ጥርስ ሲነቀል የሚሰጠው ማደንዘዣ ነርቩ ምልክት እንዳያስተላልፍ ያግዳል፤ ሞርፊን የሚሠራው ህብለ ሰረሰርና አንጎል ውስጥ ነው። የሚያቃጥልና የሚነዝር የነርቭ ሕመም በዳይክሎፌናክ ብዙም አይሻለውም። ለእርሱ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ሲሆን፣ መድኃኒቱ ለድብርትም ስለሚሰጥ ወረቀቱን ያነበበ ወይም ከፋርማሲ የሰማ ሕመምተኛ «ዶክተሩ የአእምሮ በሽተኛ አደረገኝ» ብሎ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲታዘዝ መጠኑ ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ሥራውም ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ሕመም አዳካሚ ነርቮች ማጠናከር ነው። ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በሦስተኛው ቀን አልሠራልኝም ብሎ ማቋረጥ አይገባም፤ አፍ ካደረቀ ወይም እንቅልፍ ካበዛም መጠኑን እንዲያስተካክል ለሐኪሙ መንገር ይሻላል።